ጠያቂ የበዛለት ሁሉ ተሳታፊ አይደለም

የኅብለ ሰረሰር ጉዳት የደረሰበት ሰው ከማኅበረሰቡ ጋር ያለውን ተሳትፎ ለመለካት ተመራማሪዎች የሚጠቀሙባቸው መጠይቆች ብዙ ናቸው። ከታወቁት አንዱ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ በሚገኘው ክሬግ ሆስፒታል ተዘጋጅቶ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው «ቻርት» ነው። በቀን ስንት ሰዓት ከአልጋ ውጪ ያሳልፋሉ? በሳምንት ስንት ቀን ከቤት ይወጣሉ? በወር ከስንት ዘመድና ወዳጅ ጋር ይገናኛሉ? ለእያንዳንዱ ዘርፍ ከ100 ነጥብ ይሰጣል። 100 ያገኘ ሰው ጉዳት እንደሌለበት ሰው ይኖራል ማለት ነው።

ይህን ሚዛን እንዳለ አምጥቶ መቱ ላይ ማዋል ስህተት ነው፤ ያውም ድርብ ስህተት።

መጀመሪያ ነገር፣ መቱ ያለችበት ኢሉባቦር በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በጋ ላይ በተሽከርካሪ ወንበሩ ገበያ የሚወርድ ሰው ክረምት ሲገባ ጭቃው ደጁ ላይ ያስቀረዋል። ጉዳቱ ያው ነው፤ ነጥቡ ግን ያሽቆለቁላል። የወደቀው መንገዱ ሆኖ ሳለ ዝቅተኛው ነጥብ የሚጻፈው በሰውየው ስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ምደባ አካባቢን የአካል ጉዳት አንድ ገጽታ አድርጎ አስቀምጧል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዟል። ታዲያ ደረጃ ብቻ ያለው ቢሮ ለምን ነጥብ አይቀነስበትም?

ሁለተኛው ስህተት ረቂቅ ነው። እዚህ ጎረቤት በየቀኑ ለቡና ይገባል፣ ዘመድ ከጎሬም ከበደሌም ይመጣል። በመጠይቁ ቢሄዱ ሰውየው በማኅበራዊ ግንኙነት ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ለቅሶ ሲደረስ ግን «አንተ አረፍ በል» ይባላል። የዕድር ተራ ሲወጣ ይዘለላል። ደቦ ሲጠራ ማንም ደጁን አያንኳኳም፤ ጠበኛ ሲታረቅ ሽማግሌ ሆኖ አይቀመጥም። ይህ ሁሉ የሚደረገው በክፋት አይደለም፤ በርኅራኄ ነው። ሰውየው ግን ይጠየቃል እንጂ አይጠራም። ዕዳና ውለታ በሚያስተሳስረው ኑሮ ውስጥ ከግዴታ ነፃ መደረግ በጨዋ ደንብ መገለል ነው።

«ያለ ቁጥር በጀት አይገኝም፣ ካገር አገርም ማወዳደር አይቻልም» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቁጥር ግን አጠያየቁን ተከትሎ ይመጣል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከሕዝቡ 1.09 በመቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ደግሞ ለኢትዮጵያ የሰፈረው ግምት 17.6 በመቶ ነው። ይህን ያህል ልዩነት በአመዛኙ የሚፈጥረው ማን አካል ጉዳተኛ እንደሚባልና እንዴት እንደሚጠየቅ ነው። በተሳሳተ ጥያቄ የተገኘ ሙሉ ነጥብ «ይህ ሰው ምንም አልጎደለበትም» ብሎ በጀቱን ራሱን ያስቀራል።

ስለዚህ የመቱ ዩኒቨርሲቲና የመቱ ካርል ሆስፒታል ባለሙያዎች የውጭ መጠይቅ ከመተርጎማቸው በፊት ሌላ ጥያቄ ያዘጋጁ። ዕድርዎ ተራ ይሰጥዎታል? ባለፈው ዓመት ለማን ለቅሶ ደረሱ? ለሽምግልና ተጠርተው ያውቃሉ? በቤትዎ ገንዘብ የሚወስነው ማን ነው? መሄድ ፈልገው የቀሩት የት ነው፤ ያስቀረዎትስ ምንድን ነው? የመጨረሻውን መልስ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ የመጀመሪያውን ለዕድሩ ዳኛ ያድርሱ። መልስ መስጠት ያለባቸው እነሱ ናቸው።