ቃለ መጠይቁ የሚጀምረው ከመነኻሪያ ነው

ባለፈው ሰሞን ከመካነ ሰላም የመጣ አንድ የዘመድ ልጅ እኔ ቤት አርፎ ነበር። በሒሳብ አያያዝ ተመርቋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የሚወስዱትን የመውጫ ፈተናም አልፏል። ለአንድ የሥራ ቦታ ብቻ አዲስ አበባ ሲመላለስ ይህ ሦስተኛው ነው። አንዴ «በአካል ቀርበው ይመዝገቡ» ስለተባለ፣ አንዴ ለጽሑፍ ፈተና፣ አሁን ደግሞ ለቃለ መጠይቅ።

ውድ አንባቢያን፣ ጉዞው ቀላል እንዳይመስላችሁ። መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ የምትገኝ የቦረና ከተማ ናት። በአቀስታ አድርጎ ደሴ የደረሰ ሰው አዲስ አበባ ለመግባት ሌላ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ በመንገዱ ላይ ሥጋት ጨምሮበታል። የመሳፈሪያው፣ የፎቶ ኮፒውና የምግቡ ገንዘብ አባቱ በግ ሸጠው የሰጡት ነው።

«ቃለ መጠይቁ እንዴት ነበር?» አልኩት።

«አሥር ደቂቃም አልሞላ ጋሼ። ስለ ሒሳብ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ማን አለህ፣ የት ነው የምትኖረው አሉኝ።»

ከቀናት በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሁለት ሰዎች ስም ተለጠፈ። የእሱ አልነበረም። በጽሑፍ ፈተናው ስንት እንዳገኘ፣ በቃለ መጠይቁ ስንት እንደጎደለበት የነገረው የለም።

ሕጉ ምን ይላል? የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999ም ሆነ እሱን የተካው 1064/2010 ክፍት ቦታ የሚሞላው መመዘኛውን በሚያሟላና ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ብልጫ ባገኘ ሰው ብቻ መሆኑን ደንግገዋል። የኋለኛውም በ2017 ዓ.ም. በወጣ ሌላ አዋጅ ተተክቷል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በየትኛውም ቦታ በኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት ሰጥቶታል። በግል ድርጅት በኩል ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በአመዛኙ የሚጠብቀው ውል የፈረመውን ሠራተኛ ነው፤ በር ላይ የቆመውን ሥራ ፈላጊ ብዙም አያውቀውም።

ብልጫ የሚለካ ነገር ነው። በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነጥብ ግን ብልጫ ይሁን ዝምድና ማን ይለየዋል? ውጤቱን ያላወቀ ተወዳዳሪስ በምን ላይ አቤት ይላል?

እኔም በቀጣሪው ወንበር ተቀምጬ ስለማውቅ የዚያን ወገን ችግር አልክድም። ለአንድ ቦታ የሚቀርበው የማመልከቻ ክምር ያስደነግጣል። «በአካል ይቅረቡ» ማለት ክምሩን መቀነሻ ዘዴ ሆኖ ያገለግላል። ነገር ግን በዚህ ዘዴ የሚቀነሰው ሰነፉ አይደለም፤ ሩቅ ያለውና ድሃው ነው። ብርቱ ሠራተኛ የሚፈልግ ድርጅትም የሚያጣውን ሳያውቅ ይቀራል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የመውጫ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው በኮምፒዩተር ይሰጣል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው። ልጁን ለመመረቅ የፈተነ ኮምፒዩተር ለመቀጠር ቢፈትነው ምን ይጎድላል? ምዝገባውና የጽሑፍ ፈተናው በየአካባቢው ይሁን፤ ለቃለ መጠይቅ ያለፉት ጥቂቶች ብቻ ይጓዙ። በቃለ መጠይቁ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቅ፤ እያንዳንዱ ጠያቂ ነጥቡን ለየብቻው ጽፎ ይፈርምበት። ተወዳዳሪውም ውጤቱን ይወቅ። ይህ ለሥራ ፈላጊው የሚደረግ ችሮታ ሳይሆን ብልጫ የሚለውን ቃል ትርጉም የሚሰጥ ሥርዓት ነው።

ልጁ በማግስቱ ማለዳ ተሳፈረ። ደሴ ሲደርስ ደወለልኝ። ሌላ ማስታወቂያ አይቷል፤ ምዝገባው ለአምስት የሥራ ቀናት ነው። አዲስ አበባ፣ በአካል።