የደበቅነው እኛ ነን

ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ናት። ከኬሞው ጋር ትራስቱዙማብ (ብዙዎች ሄርሴፕቲን የሚሉት) ይሰጣታል። እኛ ቤተሰቦቿ "እንዳትደነግጥ" ብለን ስለ መድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ምንም አልነገርናትም። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ ባዩ እኔም አብሬ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን እግሯ አብጦ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት አየሁ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ስላት "ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ኬሞው ያደከመኝ መስሎኝ" አለችኝ።

መድኃኒቱ ኸር2 የሚባለው ፕሮቲን የበዛበትን ካንሰር ለይቶ ይመታል፤ የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል። ግን ልብ ደም የመርጨት አቅሙን ሊያዳክምበት ይችላል፤ በተለይ ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን ቀዩን ኬሞ በወሰዱ ላይ። ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በየ3 ወሩ ገደማ የልብ አልትራሳውንድ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ደግነቱ በጊዜ ከተደረሰበት ልብ አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል።

እህቴም ተመርምራ መድኃኒቱ ለጊዜው ቆሞላታል፤ እየተሻላት ነው። "ብትነግሩኝ ኖሮ የዛኑ ቀን እናገር ነበር" ያለችኝ ግን ከውስጤ አልወጣም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን። እኛ ቤት የደበቀችው በሽተኛዋ አይደለችም።

ተማሪዎቼ፣ ወዳጆቼ፦ ታማሚ ካላችሁ ንገሩት። እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ልብ ምቱ ከፈጠነ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ለሐኪሙ ይናገር። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታስቆሙ፤ እሱን ሐኪሙ ይወስን። ማወቅ ያስደነግጥ ይሆናል፤ አለማወቅ ግን ሦስት ሳምንት ይበላል።

እግዚአብሔር ሕሙማንን ሁሉ ይማር።