የጀልባ ፕላን ስለ ማሳነስ ያለን አሳብ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ግቢዎች አንዳንድ ጓደኞቻችን በገዛ እጃቸው ካያክ ሠርተው በሐይቅ ላይ ለመቅዘፍ ማሰባቸውን ስንሰማ ደስ ብሎናል። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ውኃ ለአብዛኞቻችን የእሑድ ሽርሽርና የዓሣ ምሳ ብቻ ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን ስለ አሠራሩ የምንለው አለን፤ እኛም ሞክረን ረጥበናልና።

የያዝነው ፕላን 5 ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ላላት ጀልባ የተነደፈ ነበር። የገበያው ኮምፔንሳቶ 2 ሜትር ከ44 ስለሆነ ሁለቱ ተጋጥመው 5 ሜትር አይሞሉም፤ ሦስተኛ ለመግዛት ደግሞ ኪሳችን አልፈቀደም። ስለዚህ ልኩን ሁሉ በ0.8 አባዝተን 4 ሜትር አደረግናት። በወረቀት ላይ ያችው ቆንጆ ጀልባ ነበረች። ስንቀመጥባት ግን ጉልበታችን አልገባም፤ እኛ በ0.8 አልተባዛንም!

ነገሩ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት እያንዳንዳቸው በ0.8 ሲባዙ ጀልባዋ የምትገፋው ውኃ ወደ 0.512 ይወርዳል። እስከ ፕላኑ የውኃ መስመር ድረስ 120 ኪሎ ትሸከም የነበረችው፣ የራሷ ክብደት ጭምር ተቆጥሮ፣ 61 ኪሎ ብቻ ትሸከማለች። የባሰው ደግሞ መገልበጡ ነው። ከወርዷ የምታገኘው ሚዛን ከርዝመቱ ጋር አንድ ጊዜ፣ ከወርዱ ጋር ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ ወደ 41 በመቶ ያሽቆለቁላል። የቀዛፊው ቁመት ግን እንደ ነበረ ነው።

ማሳጠር የግድ ከሆነ ወርዱንና ጥልቀቱን ሳይነኩ የአጥንቶቹን ክፍተት ብቻ ማጥበብ ይሻላል። ክፍተቱ ከ50 ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ጀልባዋ 4 ሜትር ተኩል ትሆናለች፤ ሸክሟም 108 ኪሎ ይሆናል። መቀመጫው በልኩ ይቆያል፤ ሁለቱ ኮምፔንሳቶም ይበቃሉ።

የጣና ታንኳ ሠሪ ይህን ያለ ወረቀት ያውቀዋል። ሰው ወይስ እንጨት እንደምትጭን አስቦ የደንገሉን እስር ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 በጣና ደንገል ያሠራት ራ አትላንቲክን ሳትጨርስ ተበተነች። በ1970 የተሠራችው ሁለተኛይቱ ራ ያጠረች ነበረች፤ ነገር ግን ሠሪዎቹም አስተሳሰሩም ተለውጠው ነበርና ባርባዶስ ደረሰች።

አንዳንዶች «ተማሪ በራሱ ሲነሣሣ ፈቃድ ጠይቅ ማለት ሞራል መግደል ነው» ይሉናል። አንስማማም። ሐይቅ 80 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ ብዙዎቻችንም ዋና አናውቅም። በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያስተምሩ መምህራኖቻችን፣ መጋዝ እንጨት ከመንካቱ በፊት፣ የተለወጠውን ልክ አንድ ሰዓት ወስደው እንዲያዩልን እንጠይቃለን። ማኅበሩም በጋራ ገንዘብ ጥቂት የሕይወት አድን ጃኬቶች ይግዛ። ሠሪዎቹም ሰው ከመሳፈሩ አስቀድሞ በቀዛፊው ክብደት ልክ የአሸዋ ከረጢት ጭነው ከዳር ይሞክሩ፤ እኛ ይህን አላደረግንም።

የእኛይቱ ጀልባ በአንድ ጓደኛችን ጓሮ ተገልብጣ ዶሮዎች ይጠለሉባታል። ልትለኳት የምትፈልጉ ብትመጡ ሜትሩን እናበድራለን።