ቶማስ በሁለተኛው እሑድ

«ልቤ ሲስተካከል እመጣለሁ።» ከቤተ ክርስቲያን የራቁ ወዳጆቼን ስጠይቅ ደጋግሜ የምሰማው መልስ ይህ ነው። ጸሎት እምቢ ብሏቸዋል፤ መዝሙሩ እንደ ዱሮው አይነካቸውም፤ በጉባኤ መካከል ተቀምጦ «አሜን» ማለት ማስመሰል ይሆንባቸዋል። ብዙዎቹ የሚቀሩት እግዚአብሔርን ስለሚያከብሩ ነው፤ ልወቅሳቸው አልደፍርም። ግን ልብ ብቻውን ቤት ተቀምጦ ሲስተካከል እምብዛም አላየሁም። (ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው አቁስሎት የራቀ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እርሱ አስቀድሞ ይቅርታ ሊጠየቅ ይገባዋል።)

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የቶማስን ታሪክ ስናነብ ዐይናችን ጥርጣሬው ላይ ያርፋል። እኔን የሚያስደንቀኝ በሁለቱ እሑዶች መካከል ያለው ሳምንት ነው። ጌታ በትንሣኤው ምሽት ሲገለጥ ቶማስ አልነበረም። ባልንጀሮቹ ጌታን እንዳዩት ሲነግሩት፣ ካልዳሰስኩ አላምንም አለ። ሆኖም ከስምንት ቀን በኋላ ደጁን ዘግተው ሲሰበሰቡ አብሯቸው ነበር። ሳያምን መጣ፤ ያመኑትም እስኪያምን ውጭ አላቆሙትም። ኢየሱስ የተገለጠለት እዚያው በወንድሞቹ መካከል ነው፤ ዳስሶ ያረጋግጥ ዘንድም ቁስሉን አቀረበለት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያንን እሑድ ዳግም ትንሣኤ ብላ ታከብረዋለች።

እንዲህ ያለው አብሮ መቀመጥ በአገራችንም ታይቷል። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ፣ ንብረቷን ሲወርስና መሪዎቿን ሲያስር አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። ምእመናኑ ከአምስት በማይበልጡ ቡድኖች ተከፍለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በየቤቱ ይሰበሰቡ ጀመር። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ቁጥራቸው ወደ 34 ሺህ ደርሶ ነበር። ይህ እድገት ብዙ ጊዜ ይወሳል። እኔ የምቆመው አምስት የምትለዋ ቁጥር ላይ ነው። አምስት ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ የደከመ ሰው አይሰወርም። ዝም ካለ ይታወቃል፤ ካለቀሰ ምክንያቱ ይጠየቃል፤ ከቀረ በዚያው ማታ ይፈለጋል። ዛሬ በትልልቅ አዳራሾቻችን አንድ ሰው ለወራት ቢጠፋ ላናውቅ እንችላለን።

ስለዚህ የደከምክ ወንድሜ፣ የደከምሽ እህቴ፣ የእሑዱ ጉባኤ ቢከብዳችሁ እንኳ ትንሹን የቤት ኅብረት አትልቀቁ። መጸለይ ካቃታችሁ ሌሎች ሲጸልዩ አብራችሁ ተቀመጡ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ጣሪያ ተነድሎ የወረደው ሽባ አንዲት ቃል እንኳ ሲናገር አልተጻፈም። ጌታ ያየው እምነት ተሸክመው ያመጡት ሰዎች እምነትም ነው። ለእኛ በሚጸልዩ ሰዎች እምነት ላይ መደገፍ ነውር የለበትም።

ሽማግሌዎችንና መጋቢዎችን የምለምነው በተለይ ስለ ዘማሪዎችና ስለ ሌሎች አገልጋዮች ነው። ልቡ የደረቀ ዘማሪ መድረክ ላይ መቆም ግዴታው ከሆነ የሚቀሩት ምርጫዎች ማስመሰልና መጥፋት ናቸው። ሦስተኛ ምርጫ እንስጠው። ለጥቂት ወራት አገልግሎቱን አሳርፎ ከጉባኤው ጋር ይቀመጥ፤ «ምን ሠርቶ ነው?» የሚል ሹክሹክታ አይከተለው። በሳምንቱ መካከል አንድ ሰው ቤቱ ሄዶ አብሮት እራት ይብላ፤ ስብከት ሳይዝ። መቼ ተመልሶ እንደሚዘምር ራሱ ይንገረን።