ፊትን ማንበብና ሰውን ማወቅ

በወላይታ ውስጥ በምትገኘው በሻንቶ ከተማ፥ አንድ ባለጉዳይ ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ሲጠየቅ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ እንበል። ጠያቂው ከትምህርት ቤት በቅርብ ወጥቶ ከሩቅ ቦታ የተመደበ ወጣት ነው። «ይህ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ» ሲል በልቡ ይፈርዳል። ባለጉዳዩ ግን ያቀረቀረው ስለ አክብሮት ነው፤ በሹም ፊት ዓይንን ማፍጠጥ ድፍረት መሆኑን ከልጅነቱ ተምሯል። ፋይሉ ከሌሎቹ በታች ይገባል፤ ሰውየውም «ነገ ና» ተብሎ ይመለሳል። እኛም በዚህ ዓይነት ንባብ የተሳሳትንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ስሜት በፊት ላይ ይነበባል የሚለው አሳብ መሠረት የለውም ለማለት አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን በ1872 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ዋና ዋናዎቹ የስሜት ምልክቶች ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ናቸው ብሎ ተከራክሯል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አሜሪካዊው ፖል ኤክማን ወደ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሄዶ፥ ከውጭው ዓለም ጋር እምብዛም ላልተገናኙት ለፎሬ ሰዎች ፎቶግራፍ አሳየ። ደስታን፥ ኀዘንንና ቁጣን ለዩ፤ ፍርሃትና መደነቅ ግን ተምታቱባቸው። የኤክማን ዝና ከዚህ ተነሣ።

ዳሩ ግን በዚያችው አገር በትሮብሪያንድ ደሴቶች የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት፥ ምዕራባውያን የፍርሃት ነው የሚሉትን ፊት የደሴቶቹ ሰዎች የዛቻ አድርገው እንደሚያዩት ገለጠ። በ2019ም በሊሳ ፌልድማን ባሬት የተመሩ አምስት ሊቃውንት የቀደሙትን ጥናቶች መርምረው፥ የተቈጣ ሰው ፊቱን የሚያኮሳትረው በአማካይ ከመቶ ጊዜ ሠላሳውን እንኳ እንደማይሞላ አስታወቁ። የቀረውን ጊዜ ቁጣው ዝም ይላል፥ ወይም ይሥቃል።

የገዛ ቋንቋችን ይህን ነገር ያወቀው ይመስለናል። «ፊቱ ጠቆረ»፥ «ፊቱ ፈካ» ማለታችን እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ «ፊት ሰጠው»፥ «ፊት ነሣው»፥ «ፊቱን አዞረበት» ስንል ነገሩ ከሌላ ሰው ጋር የሚደረግ ግንኙነት ነው። ስሜቱማ ያለው ከሆድ ነው፤ ሆድ ይባባል፥ ሆድ ይብሳል፥ «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ሆድን ደግሞ ማን ያነባል?

ዛሬ ይህን ንባብ ለመሣሪያ የሰጡም አሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ሕግ፥ ለሕክምናና ለደኅንነት ካልሆነ በቀር፥ የሠራተኛንና የተማሪን ስሜት ከፊቱ የሚገምት መሣሪያ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት እንዳይሠራበት ከልክሏል። አስተማሪ ጠይቆት ያቀረቀረ ተማሪም «አልገባውም» ተብሎ እንደሚታለፍ አንባቢዎቻችን ያውቁታል።

ለሻንቶው ወጣት የሚሻለው ባለጉዳዩን ወንበር አሳይቶ ነገሩን ከአፉ መስማት ነው። ወላይትኛ የማይችል እንደ ሆነ፥ የሚችለው የሥራ ባልደረባው ከጎኑ ተቀምጧል።