አንድ ቀን ብቻ ለተረፈው መንገደኛ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ከሚዛን ተፈሪ የተጻፈው ነው። ጸሓፊው በቡና እርሻ የሚተዳደሩ የቤተ ሰብ አባት ናቸው። እናታቸው ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለ ጋረዳቸው፥ የዘንድሮው ቡና እንደ ተሸጠ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሊያመጧቸው አስበዋል። ከምርመራው በኋላ ቀዶ ሕክምናው እስኪደረግ አንድ ቀን ባዶ ይቀራል። ሚዛን በቦንጋና በጅማ በኩል ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃልና፥ ቤተ ሰቡ በሙሉ አብሮ የሚወጣበት ጊዜ በየዓመቱ አይገኝም። ስለዚህ በቡታጅራ መንገድ ካሉት ጥንታውያን ሥፍራዎች ለማየት ተመኝተዋል፤ ነገር ግን በምርጫው በቤት ውስጥ ክርክር ተነሥቷል። እናትዬው «አዳዲ ማርያምን» ይላሉ። ተማሪው ልጅ፥ «ቤተ ክርስቲያንማ በሚዛንም አለን፤ ቲያን እንይ» ይላል። ታናሺቱ ደግሞ ስለ መልካ ቁንጡሬ በትምህርት ቤት ሰምታለች። አባት በመካከል ተጨንቀው፥ «ሦስቱንም በአንድ ቀን ብናዳርስስ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

አይሞክሩት። ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ መሆናቸው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ዓይናቸው የታመመ አረጋዊት እናት ይዞ ከመኪና እየወረዱ እየወጡ መዋል ለማንም ደስታ አይሆንም። ይህ ጭንቀት የእኛ አገር መንገደኛ ብቻ አይደለም። በካሪብ ባሕር በመርከብ የሚዞሩ እንግዶች በሜክሲኮ ወደብ ለጥቂት ሰዓታት ሲወርዱ፥ የጥንት የማያ ሕዝብ ከሠራቸው ከተሞች መካከል በባሕር ዳር ያለውን ቱሉምን፥ በዱር ውስጥ ያለውን ኮባን፥ ወይስ ራቅ ያለውን ቺቼን ኢትዛን እንይ እያሉ እንዲሁ ይከራከራሉ። ዝናውን ብቻ አይቶ የሩቁን የመረጠ፥ ከቀኑ የሚበልጠውን ክፍል በአውቶቡስ ወንበር ላይ ያሳልፈዋል።

ልጅዎ ቲያን በመመኘቱ አንነቅፈውም። በሶዶ ጉራጌ ምድር የቆሙት ትክል ድንጋዮች 36 ሲሆኑ፥ 32ቱ ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጾባቸዋል፤ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው የሰይፍ ሥዕል ነው። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ሰይፉን አይተው የግራኝ ዘመን ሥራ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም መቃብሮቹን የቈፈሩ ሊቃውንት ዘመናቸውን በ12ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት መካከል ስላደረጉት፥ ከግራኝ መነሣት አስቀድሞ የቆሙ ናቸው። ከሥራቸው ያረፉት አብዛኞቹ ወጣቶች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ እንደ ፅንስ ታጥፈው የተቀበሩ ናቸው። ይህን ሁሉ ማወቅ ለአንድ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን ቲያ የዓይን ሥፍራ ነው። እናትዎ በዚያ ገላጣ ሜዳ ላይ ፀሐይ እየመታቸው ሌሎቹ ያዩትን ሲነጋገሩ ከመስማት በቀር ምን ያገኛሉ?

አዳዲ ማርያም ግን በእጅም በጆሮም ትታወቃለች። አዋሽን ከተሻገሩ በኋላ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ታጥፈው ይደርሱባታል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከምድር በታች ከዐለት የተፈለፈለች፥ ዙሪያዋን በጥልቅ ቦይ የተከበበች ናት፤ ትውፊቱ ሥራዋን ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣል። በስፋትና በጌጥ የላስታዎቹን አትመስልም፤ ከዚያ የጠበቀ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ለልጅዎ የምንመልስለትም ይህን ነው፦ በሚዛን ያሉት ቤተ ክርስቲያኖች እንጨቱና ድንጋዩ ተጨምሮ ተጨምሮ የቆሙ ናቸው፤ ይህች ግን ዐለቱ ተቀንሶ ተቀንሶ የቀረች ናት። እናትዎ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ የጠራቢውን ድካም ሊያውቁት ይችላሉ።

«ከሕክምናው በኋላ ጥርት ብሎ ሲታያቸው ቢሄዱ አይሻልምን?» የሚል አሳብ ለእኛም መጥቶብን ነበር። ነገር ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ቀናት ሐኪሞች ከአቧራና ከማጎንበስ እንዲጠበቁ ያዝዛሉ፤ አዳዲ ደግሞ ዝቅ ብለው የሚገቡባት ናት። ደግሞም እናትዎ፥ «ባላይ እንኳ ዳስሼ ልመለስ» ማለታቸውን ራስዎ ጽፈውልናል። ይህን ያሉ እናት ዓይናቸው እስኪበራ ይጠብቁ ለማለት ድፍረቱ የለንም። ብቻ ከመነሣትዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ።

ቀጠሮው የሚመች ከሆነ፥ ባዶው ቀን እሑድ ወይም ወር በገባ በ21 እንዲውል ያድርጉ። በሌላ ቀን በሩ ተዘግቶ ቁልፍ የያዘውን ሰው ሲፈልጉ ሊያረፍዱ ይችላሉ። ለቅዳሴው እንዲደርሱ ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ይነሡ፤ የመንገዱን ሁኔታም በዋዜማው ይጠይቁ። ወደ ቦዩ ሲወርዱ ልጅዎ አያቱን በክንዳቸው ይደግፋቸው፤ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አይስጡበት።

ስትመለሱ ጊዜ ከተረፈ መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር ይገኛል፤ ከመንገዳችሁ አያስወጣችሁም። በዚያ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ይታያል። ሊቃውንቱ 700,000 ዓመት ያህል ዕድሜ የሰጡት የሕፃናት የእግር ዱካም በዚያው ሥፍራ ተገኝቷል፤ ይህን ለታናሺቱ ቢነግሯት ከአዳዲ እስክትደርስ አታንቀላፋም። በ2024 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ይህም ሥፍራ በዓለም መዝገብ ስለ ተጻፈ፥ ልጅዎ የፈለገውን መዝገብ ፈጽሞ አላጣም። ቲያ ለእርሱ ትቆየው። ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለስበት ዕድሜ አለው።

የሚዛንን ሙቀት ለለመደ ሰው የዚያ ደጋ ማለዳ ይበርዳልና፥ ለእናትዎ ከነጠላው ሌላ ወፍራም ጋቢ ይያዙላቸው።