ነብሩ በየአራት ዓመቱ ይቆጠራል፤ ሰዉስ?

በህንድ ምዕራብ ቤንጋል ግዛት፣ ወንዞቹ ወደ ባሕር በሚገቡበት የደለል ምድር ጫፍ ላይ፣ ጎሳባ የሚባል አስተዳደር አለ፤ በእኛ አደረጃጀት ወረዳ ልንለው እንችላለን። ከጎሳባ ወዲያ ያለው የሱንዳርባን ጫካ ነው፤ ከጫካው ወዲያ ደግሞ ባሕር። በዚያ ጫካ የሚኖረውን የቤንጋል ነብር የህንድ መንግሥት በየአራት ዓመቱ ይቆጥራል። ዛፍ ላይ በታሰረ ካሜራ ፎቶ ያነሳዋል፤ ገላው ላይ ባለው መስመር አንዱን ከሌላው ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2018 በምዕራብ ቤንጋል በኩል 88 ነብሮች ነበሩ፤ በ2022 ወደ 100 ደረሱ። የጎሳባ ሰው ግን መጨረሻ የተቆጠረው በ2011 ነው። ያን ጊዜ 246,598 ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ተወለደ፣ ስንት ሞተ፣ ስንት ተሰደደ ቢባል በቆጠራ የተረጋገጠ መልስ የለም።

ነብሩ መቆጠሩ ተገቢ ነው። ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳ ቁጥሩ ካልታወቀ ሊጠበቅ አይችልም። እኔን የሚያስቆጨኝ ይኸው አስተሳሰብ ወደ ሰው ሲመጣ መላላቱ ነው።

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ኮልካታ ሲሆን ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ የሰበሰብኩት ከጎሳባ መንደሮች ነው። ከኮልካታ ሲያልዳ ጣቢያ ባቡር ይያዝና ካኒንግ ይወረዳል። ከዚያ በመኪና እስከ ጎድካሊ፣ ከጎድካሊ በጀልባ። ባቡሩ ካኒንግ ላይ፣ አስፋልቱ ጎድካሊ ላይ ያበቃል። የወረዳው ስፋት 297 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። መሬቱ ግን አንድ ወጥ አይደለም፤ ወንዞች የከፋፈሏቸው ደሴቶች ናቸው። ጎሳባ፣ ባሊ፣ ሳትጀሊያ፣ ኩሚርማሪ፣ ቾታ ሞላካሊ እያለ ይቀጥላል። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄጃው ጀልባ ብቻ ነው። በቀበሌ ደረጃ ያሉት ምክር ቤቶች 14 ናቸው። በ2011 ቆጠራ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ830 በላይ ሰው ይኖር ነበር፤ ያውም ፎቅ በሌለበት፣ ሰዉ ሩዝ እያረሰና ዓሣ እያጠመደ በሚኖርበት ገጠር።

ይህን ሕዝብ የተሸከመው መሬት ምን ዓይነት እንደሆነ ለመረዳት የአፈር ግድቡ ላይ መቆም ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ደሴት ዙሪያውን በአፈር ግድብ ታጥሯል። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላው በኩል የሩዝ ማሳው፣ የቤቱ ኩሬና የሣር ክዳን ጎጆው ይታያል። የወንዙ ውኃ ጨው ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲጎድል እግር የሚውጥ ግራጫ ጭቃ ብቻ ይቀራል። ሞልቶ ሲቆም ግን አንገትን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር ብቻ ይበቃል፦ ውኃው ከማሳው በላይ ነው። ሰዉ የሚተኛው ከወንዙ በታች ነው። በመካከል ያለው አፈር ብቻ ነው።

ይህ የተፈጥሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ታሪክ አለው። ደለል ምድርን የሚያሳድገው ወንዙ በየዕለቱ እየወጣ ጭቃውን ሲያነጥፍበት ነው። የሱንዳርባን ደሴቶች ገና አድገው ሳይጨርሱ ሰው ጫካውን መንጥሮ በግድብ አጠራቸው። ከዚያ ወዲህ ጭቃው የሚተኛው በወንዙ ወለል ላይ ሆነ። ወንዙ ከፍ እያለ፣ ማሳው ባለበት እየቀረ ሄደ። በጎሳባ ይህን በሰፊው ያስጀመረው ዳንኤል ሃሚልተን የተባለ ስኮትላንዳዊ ነጋዴ ነው። በ1903 ወደ 9,000 ኤከር መሬት ከቅኝ ገዢው መንግሥት ተረከበ፤ መሬት አልባ ሰዎችን አሰፈረ፣ ትምህርት ቤትና የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋመ፣ በ1936 የራሱን ባለ አንድ ሩፒ የገንዘብ ወረቀት ሳይቀር አሳተመ። ገጣሚው ራቢንድራናት ታጎር በ1932 ሥራውን ለማየት እዚያ ድረስ መጥቷል።

ጫካውን የመነጠሩት ግን ድሆች ናቸው። ከሚድናፖር የመጡ ገበሬዎች፣ ከቾታ ናግፑር ደጋ የመጡ ሳንታልና ሙንዳ፣ ከ1947ቱ የህንድና የፓኪስታን ክፍፍል በኋላ ደግሞ ከምሥራቅ ቤንጋል የተፈናቀሉ ስደተኞች። በ2011 ቆጠራ ከወረዳው ሕዝብ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው በካስት ሥርዓት ለዘመናት ሲገፋ ከኖረው ወገን ነበር፤ 9 በመቶ ያህሉ ከነባር ጎሣዎች ነበር። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ወደ 79 በመቶ ደርሷል። ሂንዱውም ሙስሊሙም ጫካ ሲገባ የሚማጸናት አንዲት ናት፤ ቦንቢቢ፣ የጫካው ጠባቂ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ማን እንደሆኑ የምናውቀው ስለተቆጠሩ ነው።

እንግዲህ ከዚያ ቆጠራ በፊትና በኋላ የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2009 አይላ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ግድቦቹን ጥሶ ጨው ውኃ በየማሳው አስገባ። ጨው የጠጣ መሬት ለተከታታይ ወቅቶች ሩዝ ከለከለ። ወንዶቹ ጓዛቸውን ይዘው ወደ ኬራላና ታሚል ናዱ፣ ወደ አንዳማን ደሴቶች ለቀን ሥራ ወጡ። ቆጠራው የተካሄደው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 2011 ነበር። ከዚያም ቡልቡል በ2019፣ አምፋን በ2020፣ ያስ በ2021 ተከታትለው መጡ። በእያንዳንዱ ዐውሎ ነፋስ ማግስት መንደሩ ይለወጣል። የሚሄደው ይሄዳል፤ የሚቀሩት አሮጊቶች፣ ሚስቶችና ልጆች ናቸው። ወረቀቱ ላይ ግን ጎሳባ ዛሬም የ2011ዱ ጎሳባ ነው።

ይህ በመዝገብ ብቻ የሚቀር ስህተት ቢሆን ባልጻፍኩ። በህንድ የ2013 የምግብ ዋስትና ሕግ መሠረት ከገጠሩ ሕዝብ እስከ 75 በመቶው በርካሽ እህል የማግኘት መብት አለው። ለየግዛቱ የተመደበው የተጠቃሚ ብዛት የተሰላው ግን በ2011 የሕዝብ ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ፣ ያገባና ቤት የለየ ወጣት ኮታው ውስጥ የለም። ለአዲስ ሰው የራሽን ካርድ ለመስጠት ሌላው መውጣት አለበት። ግድብ ለመጠገን፣ የዐውሎ ነፋስ መጠለያ ለመሥራት፣ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ለመቆፈርም መነሻው የሰው ብዛት ነው። መጠለያ ተሠርቶ ሰው ሳይበቃው ሲቀር ስህተቱን የሚከፍለው ደጅ የቀረው ነው።

ከዚህ የባሰም አለ፤ ሞቱ እንኳ የማይቆጠር ሰው። ሳትጀሊያ ላይ ቤቷ ያስተናገደችኝ ሴት ነበረች፤ እንደ ታላቅ እህት ዲዲ እያልኩ ነበር የምጠራት። ባሏ ሸርጣን ሊይዝ ጫካ ገብቶ ነብር ገደለው። አብረውት የነበሩት አስከሬኑን በጀልባ ቢያመጡትም ለማንም ሳይነገር ተቃጠለ። የጀልባው ፈቃድ የሌላ ሰው ስለነበረ፣ የገባበትም የተከለከለ ቦታ ስለሆነ፣ ቢናገሩ ካሳው ቀርቶ ክስ ይመጣብናል ብለው ፈሩ። ባሏ በየትኛው መዝገብ እንዳለ ጠየቅኋት። «በእኔ ዘንድ ነው ያለው» አለችኝ። በዚያ አካባቢ «የነብር መበለት» የሚባሉ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ በየመንደሩ ይታወቃሉ። በ2023 የኮልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሌላ ተመሳሳይ ጉዳይ ሟቹ የገባው በተከለከለ ቦታ ቢሆንም ለመበለቲቱ ካሳ ይከፈላት ብሎ ወስኗል። ትልቅ ውሳኔ ነው። ነገር ግን መብቱ የሚደርሰው ሞቱ ለተመዘገበለት ነው።

ዲዲ በኋላ የምትተዳደረው በወንዙ ነበር። ዓይኑ ጠባብ የሆነ ሰማያዊ መረብ እየጎተተች፣ ወገቧ ድረስ ጨው ውኃ ውስጥ ገብታ ለእርባታ የሚሸጥ የሽሪምፕ ጫጩት ትለቅማለች። ውኃው አዞ አለበት። ቤት ስትመለስ ያገኘችውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጣ፣ በዛጎል ጫፍ ከሌላው ትናንሽ ዓሣ እየለየች አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ፀጉር የሚያክል ነገር ነው፤ የሚሸጠውም በቁጥር ነው። አንድ አትስትም፤ ከሳተች የልጇ እራት ይጎድላል። መንግሥት እሷን ለመቁጠር ከዚህ ያነሰ ትጋት ማሳየቱ ምንም ማመካኛ የለውም።

አንዳንድ ባለሙያዎች ዛሬ ቆጠራ ጊዜ ያለፈበት ነው ይላሉ። መታወቂያው ዲጂታል ሆኗል፣ የመራጮች መዝገብ አለ፣ የናሙና ጥናትም ይካሄዳል። ክርክሩን አላቃልለውም፤ ግን አይበቃም። የመራጮች መዝገብ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ልጅ አያውቅም። ዲጂታል መታወቂያ ማን እንደሆንክ እንጂ ዛሬ የት እንደምታድር፣ ከምን ውኃ እንደምትጠጣ አይናገርም። የናሙና ጥናት ስለ ግዛቱ ጥሩ ይነግረናል፤ ኩሚርማሪ ደሴት ላይ ስላለች አንዲት መንደር ግን አይነግረንም። ቤት ለቤት እየዞረ፣ ጭቃውን ረግጦ፣ ጀልባ ተሳፍሮ እያንዳንዱን ደጃፍ የሚያንኳኳ ቆጠራ ብቻ ነው የመጨረሻውን ቤት የሚደርሰው።

ህንድ ከ1881 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሳታቋርጥ ስትቆጥር የኖረች አገር ናት። የ2021ዱ በኮቪድ ምክንያት ተላለፈ ተባለ፤ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ሳይካሄድ ዓመታት ነጎዱ። መንግሥት በ2025 ባወጣው ዐዋጅ የአዲሱ ቆጠራ መነሻ ቀን እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2027 እንዲሆን ወስኗል፤ ከ1931 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም የሁሉም ካስት ይመዘገባል። መልካም ነው። እንደ ጎሳባ ላሉ ወረዳዎች ግን ሁለት ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በቆጠራው ሰሞን ለሥራ የወጣው ሰው በቤቱ ስለማይቆጠር፣ የት እንደሄደና ለምን እንደሄደ ከቤተሰቡ በቅጡ ይጠየቅ። ከዐውሎ ነፋስ በኋላ የፈረሱ መንደሮችም ከድሮው ካርታ ተገልብጠው ሳይሆን በአካል ታይተው ይመዝገቡ።

ለእኛም የሚቀርብ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተላልፏል። በዚህ መካከል ጦርነት፣ ድርቅና ጎርፍ ሚሊዮኖችን ከቀያቸው አንቀሳቅሷል። የኦሞ ወንዝ ሞልቶ የዳሰነች አርብቶ አደር ከነከብቱ ሲፈናቀል፣ እርዳታ የሚታቀደው በ1999 ቁጥር ላይ ተመሥርቶ በሚሠራ ትንበያ ነው። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ መራጭ ሆኗል፤ በቆጠራ ግን ከሕፃንነቱ አላለፈም።

ጸጥታ ሳይሰፍን ቆጠራ አይቻልም የሚለውን ምክንያት እረዳለሁ። ቢሆንም በሚቻልበት አካባቢ ዝግጅቱን መጀመር፣ የቆጠራ ካርታውን ማደስ፣ ልደትና ሞትን በየቀበሌው በትክክል መመዝገብ ዛሬም ይቻላል። ቆጠራ የፖለቲካ ድርድር ማስያዣ መሆኑ ቀርቶ የዜጋ መብት ተደርጎ ይታይ። ካልተቆጠረ ሰው ላይ ግብር መሰብሰብና ድምፅ መጠየቅ የሚችል መንግሥት፣ ድርሻውን ሲያከፋፍል አላውቀውም የማለት መብት የለውም።